ከጥዶቹ ሥር የነበረው ሰላጣ

ይድረስ ለወንድሜ ለጸጋው፤ የኔዘርላንድ ብርድ አጥንትህ ውስጥ ሳይገባ ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝህ።

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም እዚያ መስታወት ቤት ውስጥ ጎንበስ እንዳልክ ትውላለህ? ባለቤትህ ሕሊና እንዴት ናት? ዜማዬስ አደገች? ጥርሷን ለውጣ ጨረሰች? እኛ፣ ድንግል ማርያም ትመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። እናታችን ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደኅና ናት። እኔም ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ማለት የደብዳቤ ልማድ ነውና እንደ ልማዱ ተቀበለኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ግን የደኅና ሰው ጽሑፍ አይደለም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንድ ጊዜ ኔትወርኩ ቆረጠን። አንድ ጊዜ «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብለህ በዚያው ቀረህ። በሦስተኛው ገና «እትዬ ሥራነሽ» ከማለቴ «እሳቸው አሁንም አልተዉሽም እንዴ?» ብለህ ወሬውን ወደ ዜማ ትምህርት ቤት ወሰድከው። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። ጓደኛህ የኔአለም የእናቱን ተዝካር አውጥቶ ወደዚያው ሊመለስ ነውና በእሱ እጅ እልከዋለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከጓሮው ልጀምር። አምና በመስከረም የላክህልንን ዘር መቼም አትረሳውም፤ ሦስት ዓይነት ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ደግሞም ያ አፍ ላይ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚለው ቅጠል። «ብርድ የሚችሉ ናቸው፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ላለ አገር የተፈጠሩ ናቸው» ብለኸን ነበር። የዘራኋቸው ከቤታችን ኋላ፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ሥራነሽ አጥር ሥር ነው፤ ሌላ መሬት የት አለንና? በእሳቸው ግቢ በምሥራቅ በኩል የቆሙት ሁለቱ ጥዶች ያንን ቦታ ፀሐይ ከልክለውት እንደኖሩ ታውቃለህ። እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ድረስ ጥላ ነው። እናታችን መደብ ስቆፍር እያየች «እዚያማ ከእንጉዳይ በቀር ምን ይበቅላል» እያለች ስትስቅብኝ ነበር።

በቀለ። ቀስ ብሎ፣ እየተለመነ፣ ግን በቀለ። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲመጣ የሰፈሩ ድንች ሁሉ ጠቆረ፤ የእኛ ሰላጣ ነጭ ሆኖ አድሮ እኩለ ቀን ላይ ምንም እንዳልነካው አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ጎረቤት እየመጣ ያይ ነበር። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግን እኔም አልጠየቅሁ፣ ሌላም ሰው አልነገረኝ። አንተንና ዘርህን ነው ያመሰገንኩት።

የማርያም ጽዋ ተራዬ ያኔ ኅዳር ጽዮን ላይ ደረሰ። ጾም ነውና ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድፎው እንዳለ ሆኖ ሰላጣውን በሎሚና በቃሪያ አሽቼ በትልቁ ሰሐን አቀረብኩት። ሴቶቹ ተያዩ። የማኅበራችን ሙሴ፣ ጽዋውን የሚመሩት ወይዘሮ እቴናት «ዘቢደር፣ እኛን ደግሞ እንደ ላም ጥሬ ልታበዪን ነው?» ብለው ቤቱን አሳቁት። መጀመሪያ እጃቸውን የሰደዱት እትዬ ሥራነሽ ናቸው። «በጥዴ ጥላ ያደገ ነው፣ እኔ ካልቀመስኩት ማን ይቀምሰዋል» አሉና ጎረሱ። ከዚያ በኋላ ሰሐኑ ተጠርጎ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «የሥራነሽ ሰላጣ» ሆነ፤ እሳቸውም ያለ እኔ ፈቃድ አጥር ተሻግረው የፈለጉትን እየቀነጠሱ ይሄዱ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ሞኟ ዘንድሮ በመስከረም ፎቶ አንስቼ ላክሁልህ። «ጎበዝ» ትለኛለህ ብዬ ነበር። ቅጠሉ ገርጥቷል፣ አገዳው ቀጥኗል፣ ብርሃን አጥቶ ነው አልከኝ። ቀጥለህም ግቢያችንን ከሳተላይት ፎቶ ላይ አይተህ በጥላው ላይ ቀይ መስመር አስምረህ ላክህልኝ። ዘጠኝ ዓመት በእግርህ ያልረገጥከውን ጓሮ ከሰማይ ሆነህ ለካኸው። ጥዶቹ ቢነሡ ምርቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ለሆቴሎች እናቀርባለን፣ ገና ላይ መጥቼ እኔ ራሴ መደቡን አሰፋዋለሁ አልከኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የሰማሁት «ገና ላይ መጥቼ» የሚለውን ብቻ ነው።

ማመልከቻውን አንተ ጽፈህ በስልክ ላክኸው፤ የቦታው ወረቀት ባንተ ስም ነውና። «የጎረቤት ዛፍ ወሰን አልፎ ግንቤን ሰነጠቀ፣ አትክልቴንም ብርሃን ከለከለ» ይላል። ግንባችን የተሰነጠቀው አባታችን ሲያሠራው ሲሚንቶ አንሶት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ጥዱ ግንዱ ሳይወፍር የነበረ ስንጥቅ ነው። አውቄ አሳተምኩት። አውቄ ፈረምኩበት። አውቄ በእጄ ወስጄ ማዘጋጃ ቤት አስገባሁት። ስለዚህ እኔን ከደሙ ንጹሕ ናት ብለህ እንዳታስብ፤ ለራሴም አላዘንኩላትም።

ሰው በጎረቤቱ ቅር ሲለው መጀመሪያ ራሱ ይናገራል። እንቢ ቢባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ቢያቅተው ነው ወረቀት የሚጽፈው። እኛ ከመጨረሻው ጀመርን። እኔ ማመልከቻውን ባስገባሁበት ቀን እንኳ እትዬ ሥራነሽ በአጥር ላይ ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብያቸው ገባሁ። ያንን «እግዚአብሔር ይመስገን» ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በጥቅምት መጀመሪያ ሜትር ይዘው መጡ። ለክተው፣ ወደ እኛ ያለፈው ቅርንጫፍ በአሥር ቀን ውስጥ ይቆረጥ ብለው ለእትዬ ሥራነሽ ወረቀት ሰጡ። ቅርንጫፉ ብቻ ነበር የተባለው። እትዬ ሥራነሽ ወረቀቱን አጣጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት። በሦስተኛው ቀን ሁለት መጋዝ ያላቸው ሰዎች ይዘው መጡ። ለቅርንጫፍ መስሎኝ ነበር፤ ከሥሩ ነው ያስጣሉት፣ ሁለቱንም። ወይዘሮ እቴናት ሮጠው ሄደው «ኧረ ሥራነሽ፣ ቅርንጫፍ እኮ ነው ያሉሽ!» ቢሏቸው፣ «ባዘዘው ከሠርጋችን ወር ሳይወጣ የተከለውን ግማሹን ቆርጬ ግማሹን በሰው ዓይን ሥር አላኖርም» ብለው መለሱ። ጋሽ ባዘዘው ከሞቱ ይህ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። እሳቸው ከሰዓት በኋላ ጥጥ የሚፈትሉት ከዚያ ጥላ ሥር ነበር።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ልብ ብለህ ስማ። በስተቀኝ ያለውን ጥድ ሲቆርጡ መጋዙ ብረት ነክቶ ጥርሱ ረገፈ። ቆራጩ ሰይጣን አለበት ብሎ ተራገመ። ሲፈለጥ ከግንዱ ውስጥ ጣት የሚያክል ሚስማር ወጣ፤ እንጨቱ በላዩ አድጎ ውጦት ኖሯል። አንተ በስምንት ዓመትህ ዥዋዥዌ ልትሰቅል ስትል ከጋሽ ባዘዘው ሳጥን ሰርቀህ የመታኸው ሚስማር ነው። ያኔ ጋሽ ባዘዘው ሊገርፉህ ሲነሡ እትዬ ሥራነሽ በነጠላቸው ሸፍነው እንዳስጣሉህ ታስታውሳለህ? እናታችን ሆስፒታል በተኛችበት ክረምትስ ለሁለት ወር የማንን ቤት እንጀራ ነበር የበላነው? እትዬ ሥራነሽ ሚስማሩን ከፍልጡ ነቅለው፣ በቀሚሳቸው ጠርገው፣ በአጥር ላይ ሰጡኝና «የጸጋው ንብረት ነው፤ ላኪለት» አሉኝ። ከማመልከቻው ወዲህ የነገሩኝ ቃል ይህ ብቻ ነበር። ሚስማርህን ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ።

እናታችን በዚያ ማታ ያንን ሰላጣ ደግማ እንደማትቀምስ ነገረችኝ። «የሥራነሽ ዕንባ የወደቀበት ቅጠል ጾሜን ያስገድፈኛል» አለች። ዕንባ አላየሁባቸውም ብላት፣ «አንቺ ምን ታያለሽ፣ አንቺ የምታይው በጸጋው ዓይን ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእትዬ ሥራነሽ ጋር አርባ ዓመት እሳት ተጫጭራለች።

የጥቅምት ማርያም ለጽዋ ሄድኩ። መቅረት ነበረብኝ፤ ግን ምን ብዬ ልቅር? እትዬ ሥራነሽም መጥተዋል። ጸሎት ተደርሶ ጽዋው ሊዞር ሲል ወይዘሮ እቴናት በእጃቸው ይዘውት ቆሙና፣ ማንንም ሳያዩ፣ ተቀያይሞ ያለ ሰው እርቅ ሳያወርድ ይህን እንዳይቀበል ብለው ሥርዓቱን አስታወሱ። በየወሩ የሚሉት ነገር ነው። በየወሩ ስንሰማው ስለ ሌላ ሰው ይመስለን ነበር። እትዬ ሥራነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ሊነሡ ሲሉ ቀድሜያቸው ወጣሁ። አሥራ አራት ዓመት በጠጣሁበት ማኅበር በር ላይ ጫማዬን ስፈልግ ከጀርባዬ አንዲትም ሴት «ተመለሺ» አላለችኝም። እውነታቸውን ነው።

ታዲያ ጓሮው? ጓሮውማ ለአምስት ሳምንት እንደ ተመኘኸው ሆነልህ። ፀሐዩ ከንጋት ጀምሮ ይገባ ጀመር። ዘንድሮ የዘራሁት ሰላጣ ቅጠሉ እንደ ዋንጫ ሰፋ፣ ቆስጣው ጉልበቴ ደረሰ። ላንተ መዋሸት አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እቆምና አየዋለሁ። ዓይኔን ከአጥሩ ማዶ ካሉት ሁለት ጉቶዎች እየሸሸሁ ቅጠሉን ብቻ አያለሁ። አንድ ሆቴልም ለጾሙ በሳምንት ሁለት ቀን ልቀበልሽ ብሎኝ ነበር።

ጾሙ ገብቶ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር አሥራ ሰባት፣ ውርጭ ወርዶ አደረ። ጠዋት ስወጣ መደቡ ነጭ ነው። አልደነገጥኩም፤ አምናም ነጭ ሆኖ ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ ይነሣል ብዬ ሄጄ አስተማርኩና ለምሳ ተመለስኩ። ሁሉም ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል። ስነካው እንደ ተቀቀለ ጎመን በጣቴ ውስጥ ፈሰሰ። የተረፈው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ የማይደርስበት፣ አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ ላይ የነበረው ብቻ ነው። እሱ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

እናታችንን ደግፌ አውጥቼ አሳየኋት። የጮቄ ተራራ ሥር ልጅ መሆኗን ረስተናል እኮ፤ ገብስና ውርጭ ያሳደጋት ሰው ናት። በምርኩዟ የጠቆረውን፣ ቀጥላም የተረፈውን ነካ ነካ አደረገችና «ብርድ ያደረቀውን እጅ ማን ወዲያው እሳት ላይ ይጥዳል?» አለች። ውርጭ የነካው ቅጠል በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲፈታ ይድናል፤ ትኩስ ፀሐይ ድንገት ሲመታው ግን ይቃጠላል። በአምናው ኅዳር ያዳነው ዘርህ አልነበረም። እየረገምናቸው የነበሩት ጥዶች ናቸው። እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «ማን ጠየቀኝ? እናንተ የምትጠይቁት ስልኩን ነው» አለችኝ።

አንተ በምትሠራበት መስታወት ቤት ብርዱም ሙቀቱም በቁልፍ እንደሚታዘዝ ነግረኸኛል። ዕውቀትህን አልናቅሁም። ግን ጸጋው፣ ስለ ሰላጣ እያወቅህ ስለ ደብረ ማርቆስ ጠዋት ረሳህ። ስለ ጎረቤትም ረሳህ። እኔ ሁለቱንም ሳልረሳ ነው የሠራሁት፤ የእኔ ይብሳል።

በማግስቱ መሪጌታ ጀምበሩ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው፤ የግንቡን ውሸት ጭምር። ሰምተው ሲያበቁ፣ ሄደሽ ተሰንጥቋል ካላችሁት ግንብ ሁለት ድንጋይ ንቀይ አሉኝ። ለምን ሁለት አልኳቸው። አንዱ የፈረመችው፣ አንዱ የጻፈው አሉኝ። ኅዳር ጽዮን ዕለት ከቅዳሴ መልስ፣ እሳቸውና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እኔ ሁለቱን ድንጋዮች በሁለት ትከሻዬ ተሸክሜ ከኋላ፣ ሰፈሩ እያየን ሄድን። ተማሪዎቼም አዩኝ። ከእትዬ ሥራነሽ በር ላይ ተንበርክኬ «ይቅር በሉኝ፣ ስለ ጽዮን ማርያም» አልኩ። አንገቴን ማቅናት አልቻልኩም ነበር፤ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

እትዬ ሥራነሽ እጃቸውን አወረዱና ከቀኝ ትከሻዬ ያለውን ድንጋይ አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ከዚያ በግራ ትከሻዬ ያለውን አዩና የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የጸጋው ነው አልኳቸው። የት አለ አሉ። ውጭ አገር አልኩ፤ እንደማያውቁት። «እንግዲያ እዚያው አስቀምጪው» አሉኝ። መሪጌታ ጀምበሩ እኅቱ ናት፣ ደሙ ናት፣ በእሱ ፈንታ ነው የተሸከመችው ብለው ለመኗቸው። «ወረቀቱን የላከው በራሱ ስም ነው፤ ድንጋዩንም በራሱ ትከሻ ያምጣው» አሉ። እኔም ከትከሻዬ አውርጄ ከበሩ በስተግራ አስቀመጥኩት።

በዚያው ቀን ጽዋውን ጠጣሁ። ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ ሥራነሽ ናቸው። እናታችንም ከማድ ቤቱ ሥር ከተረፈችው ላይ ሁለት ቅጠል ቆርጬ ባቀርብላት በላች። «አሁንስ ያስገድፍሻል?» ብላት «ግማሹ ያስገድፋል» አለችኝ። ያው ያንተን ግማሽ ማለቷ ነው።

ሁለት የጥድ ችግኝ አምጥቼ ከጉቶዎቹ አጠገብ ተክያለሁ። አንድ ስንዝር ናቸው። ጥላ እስኪሆኑ እትዬ ሥራነሽም እናታችንም አይኖሩም፤ እኔም ካለሁ በምርኩዝ ነው። ሆቴሉን ሰላጣ የለኝም ብዬ መልሼዋለሁ። የቀረኝን ዘር ከማድ ቤቱ ጥላ ሥር ዘራሁት። ለእናታችን ሰሐን ይበቃል፣ ለሌላ አይበቃም።

ከሦስት ቀን በፊት ለእናታችን ደውለህ ገና ላይ ሥራ ስለሚበዛ ለፋሲካ እመጣለሁ ማለትህን ሰምቻለሁ። ስልኩን ዘግታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞር ብላ «ድንጋዩ አሁንም እዚያው ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። እትዬ ሥራነሽ ጠዋት ደጃቸውን ሲጠርጉ ዙሪያውን ይጠርጋሉ፤ እሱን ግን አይነኩትም። መንገደኛ ሊያነሣው ሲል «ተው፣ ባለቤት አለው» ይሉታል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። በሰፈራችን «የጸጋው ድንጋይ» ይባል ጀምሯል። ዘጠኝ ዓመት ስምህን ያልጠራ ሁሉ አሁን በየቀኑ ይጠራሃል።

እንግዲህ ሰላምታ። ባለቤትህን ሕሊናን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ እሷ በዚህ ነገር እጇ የለበትም፣ ደብዳቤውን አስነብባት። ዜማዬን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያቷ ነጠላ ስታስቋጭላት ነው የሰነበተችው። እናታችን «ልጄን እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርልኝ» ትልሃለች፤ ከዚህ በላይ ጻፊ ብላት አልፈለገችም። መሪጌታ ጀምበሩ በጸሎታቸው አልለዩህም። ወይዘሮ እቴናትና የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ሰላም ብለውሃል። እትዬ ሥራነሽን ለጸጋው የምትሉት አለ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ያበዛልና እሱ ትከሻውን ባዶ አድርጎ ይምጣ በይልኝ አሉኝ።

የምትወድህና የተቀየመችህ እኅትህ
ዘቢደር

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.